እናትሽ መድኃኒቷን ረስታ ብቻ አይመስለኝም፤ አላርሙንና ስትሪፑን (የክኒኑን ማሸጊያ) እዪ

«እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ አዘዞ አብረን እንኖራለን። ለግፊት አምሎዲፒን 5 እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። አምሎዲፒኑ ከቀጠሮ በፊት ያልቃል፣ ሜትፎርሚኑ ይተርፋል። አላርም ሞላሁላት፣ አልሆነም» ላልሽው እህቴ፦

መርሳት ብቻ ቢሆን ሁሉም ይተርፍ ነበር። አንዱ ቀድሞ የሚያልቅ፣ ሌላው የሚተርፍ ከሆነ ችግሩ ሁለት ነው። «የመርሳት በሽታ ጀመራት» ብለሽ ሳትደነግጪ ፍሬውን ቁጠሪ።

1. አላርሙ። የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ተብሎ ይጻፋል፤ ስልኩ ላይ ደግሞ 2:00 ተብሎ ይሞላል። ስልክ የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ የሚጮኸው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ኤኤም ላይ ከተተወማ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። እሷ «የጠዋቱን ወስጃለሁ» ብላ ታጠፋዋለች፣ ማታ ደግሞ ዝም ይላል። የማታው ሜትፎርሚን የሚተርፈው እንዲህ ነው። ስልኩን ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ቀይሪው፦ የጠዋቱ 2 ሰዓት 8:00፣ የማታው 20:00። በአላርሙ ስም ቦታ «ከራት ጋር ሜትፎርሚን 1» ብለሽ ጻፊ። መብራት ጠፍቶ የተዘጋ ስልክ አይጮህምና በአንቺም ስልክ ላይ ሙዪው።

2. አምሎዲፒኑ። ቀድሞ የሚያልቀው ሁለቴ ስለሚወሰድ ነው። ጠዋት ትውጣለች፣ ቡናው እስኪፈላ «ወስጃለሁ ወይስ አልወሰድኩም?» ትላለች፣ ለማንኛውም ብላ ትደግማለች። በዚያ ቀን 5 ሚሊግራሙ 10 ሆነ ማለት ነው። ቁርጭምጭሚቷ ካበጠ ወይም ካዞራት ይህንን አስቢ። በትክክል ሲወሰድም እግር ሊያሳብጥ ይችላልና ለሐኪሟ ንገሪ እንጂ ራስሽ አታስቁሚ።

ከዚህ የባሰው ግን የፋብሪካ መቀያየር ነው። ያለፈው ቀጠሮ ላይ የተሰጣት ክኒን አንድ ዓይነት ቀለም ነበረው፣ የአሁኑ ሌላ ሆኖ ይመጣል፤ ካርቶኑም አይመሳሰልም። እናቶች «አዲስ መድኃኒት ተጨመረልኝ» ብለው የተረፈውንም የመጣውንም አብረው ይውጣሉ። የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ባለሙያ ደግሞ ወረፋ አስጨንቆት «ተጽፎበታል» ብሎ ይወረውርልሻል። ከመስኮቱ አትነሺ። የድሮውን ስትሪፕ አውጥተሽ «ይሄና ይሄ አንድ ነው?» በይ። ከኋላሽ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም ያጉረምርም። አንድ ከሆነ፣ ቤት ስትደርሺ አሮጌው እስኪያልቅ አዲሱን ከእሷ ዓይን አርቂው።

ለድገማው መፍትሔው ስትሪፑ ራሱ ነው። ገልብጪውና በብር ወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ ፍሬ ጀርባ ቀኑን ጻፊ፦ 3፣ 4፣ 5 እያልሽ። ሰኞ ማክሰኞ ብትዪ ባለ 10 ፍሬ ስትሪፕ ላይ ሰኞ ሁለቴ ይመጣና ትደናገራለች። በማርከር ይሁን፤ የእስክሪብቶ ጫፍ ወረቀቱን ይበሳዋል፣ እርጥበት ይገባዋል። ስሙና መጠኑ የታተመበት ጫፍ መጨረሻ ላይ ይቆረጥ። የዛሬው ጉድጓድ ባዶ ከሆነ ወስዳለች፣ ክርክር የለም።

ማንበብ የማትችል ከሆነ ሁለት ሲኒ ለዪ፣ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ። የነገውን ፍሬ ከነወረቀቱ በመቀስ ቆርጠሽ አስቀምጪ፤ ስትወስድ ግን አንቺው አውጥተሽ ስጫት፣ ከነወረቀቱ የሚውጡ አሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በጠዋቱ ሲኒ ነው የሚገባው፣ ማታ ከሆነ ሌሊቱን ለሽንት ሲያመላልሳት ያድራል።

ያመለጣትን አምሎዲፒን በዚያው ቀን ካስታወሰች ትውሰድ፤ ካደረ ግን የዛሬውን አንድ ብቻ። ሜትፎርሚን ካመለጣት ከሚቀጥለው ምግብ ጋር የተለመደውን ትውሰድ፣ ደርባ አትውሰድ።

ሌላው ጳጉሜን ናት። «ለ3 ወር» ተብሎ የሚሰጠው የ90 ቀን ነው። ከሐምሌ 15 እስከ ጥቅምት 15 ግን 95 ቀን አለ፣ በ2019 ደግሞ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 96። በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ሜትፎርሚን 10 ወይም 12 ፍሬ ይጎድላል። እዚያው ቀጠሮ ሲጻፍልሽ ቁጠሪና አስጨምሪ። ቀጠሮው ጥር 10 ወይም 11 ላይ ከዋለም አስቀይሪው፤ በከተራና በጥምቀት ጎንደር ውስጥ ባጃጅ ላይ ተስፋ አይጣልም።

ግሊቤንክላማይድ ላይ ግን ቀልድ የለም። ከቁርስ ጋር የሚወሰድ ነው፤ ውጣው እስከ 9 ሰዓት ከጾመች ስኳሯ ሊወርድ ይችላል። ሁዳዴ ሳይገባ ሐኪሟንም የንስሐ አባቷንም አነጋግሪ፣ ሰዓቱን ራስሽ አታዛውሪ። ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ነገር ከተምታታባት 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ አጠጫት፣ በ15 ደቂቃ ካልተሻላት ድገሚ። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አታድርጊ፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ቢሻላትም ምግብ ትብላና ሐኪም ይያት፤ የዚህ ክኒን ጉልበት ረጅም ስለሆነ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።