ሁለት ጃክ በእንግዶች መካከል

ልጆቼ፣

አንድ የጎረቤት ልጅ ፒያሳ ቡና ስጠጣ አግኝቶኝ “ጋሼ፣ ፖከር ስጫወት ሁለት ጃክ በደረሰኝ ቁጥር የምሸነፈው ለምንድን ነው?” አለኝ። እንደ ዋዛ ነበር የጠየቀኝ፤ እኔን ግን በትዝታ ጎንደር፣ አዘዞ ወሰደኝ።

ያኔ ወጣት የባንክ ኦዲተር ነበርሁ። አንድ ቀያሽ ወዳጄ ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ ፖከርን ይዞልን መጣ (ለየሰው ሁለት ድብቅ ካርታ ይታደላል፤ የቀሩት ለሁሉም የጋራ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ)፤ ማታ ማታ እርሱ ቤት እንሰበሰባለን። እናቱ የሚጠምቁትን ጠላ የመሰለ ዛሬ ጎንደርን ብታስሱ አታገኙም። ክረምት ነው፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበር የምንጫወተው። ወዳጄ ሁለት ጃክ ደርሶታል። ሰውየው ጨዋ ነው፤ በገዛ ቤቱ ገንዘብ ከፍ ማድረግ እንግዳ ማባረር ይመስለዋል። ስለዚህ ትንሿን መግቢያ ብቻ ከፍሎ ዝም አለ። አምስት ሰው ተከትሎት ገባ። እኔ አስና አራት ይዣለሁ፤ ትንሽ ከፍ ቢያደርግ ኖሮ እጥለው ነበር። ፍሎፕ የምንላቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ተገለጡ፦ አስ፣ ዘጠኝ፣ አራት። እኔ ሁለት ጥንድ ሠራሁ፤ የእርሱን አንድ ጥንድ ይበልጣል። እርሱ ግን ጃኮቹን መተው አልሆነለትም፤ እስከ መጨረሻው ከፈለ። ካርታዬን ሳሳየው አራቷን አተኩሮ አይቶ “በዚህ ነው የገባኸው?” አለኝ። ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆይ ወደ መተማ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም። በካርታ የሚያኮርፍ ሰው አልነበረም። ያ ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሁለት ጃክ ከአስና አራት ጋር ብቻውን ቢገጥም ከመቶ 70 ያህሉን ያሸንፋል። ፍሎፑ ላይ ከጃክ የሚበልጥ ካርታ የሚወጣው ግን ከመቶ 57 ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው በገባ ቁጥር ደግሞ ያ ካርታ የአንዱ መሆኑ አይቀርም። ሁለት አስ እንኳ አንድ ሰው ሲገጥመው ከመቶ 85 ያሸንፋል፤ ዘጠኝ ሰው ሲገባበት ወደ 31 ይወርዳል። ስለዚህ ከፍሎፑ በፊት ከፍ አድርጉ፤ ይሉኝታውን ለጠላው ተዉት።

በገንዘብ አትጫወቱ እላለሁ። ያለ ገንዘብ ደግሞ ፖከር ፖከር አይሆንም፤ ማንም ካርታውን አይጥልም። እናንተማ ስልካችሁ ላይ በኳስ ስትወራረዱ ታድራላችሁ። እኛ ቢያንስ የከሳሪውን ፊት እናይ ነበር።

ትንንሾቹ ጥንዶች፣ ከሁለት እስከ ስድስት ያሉት፣ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጥንዱን ሦስት የሚያደርገው ካርታ ፍሎፑ ላይ የሚመጣው ከ8.5 ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። በርካሽ ግቡ፤ ተጋጣሚያችሁ ፊት ከምትከፍሉት 15 እጥፍ ያህል ገንዘብ ከሌለ አትድከሙ። ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ የቆየ አዛውንት ድንገት ደጋግሞ ከፍ ካደረገ ደግሞ ጃኩንም ጣሉት።