ተከራዬ ታሟል፣ እኔም የምኖረው በኪራዩ ነው

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምተዳደረው ከግቢዬ ጀርባ ባሉት ሦስት ሰርቪስ ቤቶች ኪራይ ነው። ልጄንም ዩኒቨርሲቲ የማስተምራት በዚያው ነው።

በአንዱ ክፍል የሚኖረው የመንዝ ልጅ ነው። ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል። የጽሑፍ ውል የለንም፣ ወር በወር በቃል ነው የተስማማነው። ሁለት ዓመት ሙሉ 2,500 ብሩን ሳልጠይቀው ያመጣ ነበር። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ግን ማሳል አበዛ፣ ከሳ፣ ከዚያ አልጋ ያዘ። ቲቢ ነው ተብሎ ጥቅምት ላይ መድኃኒት ጀመረ። ኪራይ ካየሁ ግን ሦስት ወሬ ነው። አሁን አሁንማ ኮቴዬን ሲሰማ በሩን ይዘጋል።

ወንድሜ «ቁልፉን ቀይሪና ዕቃውን አውጪው፣ በ3,500 የሚከራይ ሰው አለኝ» ይለኛል። ሌሎቹ ተከራዮች ደግሞ «በሽታው ይጋባብናል፣ እሱ ካልወጣ እኛ እንወጣለን» አሉ። በዚህ በታህሳስ ውርጭ የታመመ ልጅ ማስወጣት አንጀቴ አልችል አለ። ዝም እንዳልል ደግሞ ልጄ የምልክላትን ትጠብቃለች። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ አከራይ

*

እትዬ፣ በመጀመሪያ የወንድምዎን ምክር ይተዉት። ተከራይ ኪራይ ባይከፍልም ቤቱ በእጁ እስካለ ድረስ ቁልፍ መቀየርም ሆነ ዕቃ ማውጣት አይቻልም። ልጁ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ቢከስስ ተከሳሿ እርስዎ ይሆናሉ። መብራትና ውኃ መቁረጥም ያው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኪራይ ያዘገየ ተከራይ በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ይላል። እንደ እርስዎ ላለ ከዓመት በታች ለሆነ ስምምነት ቢያንስ 15 ቀን፣ ለዓመትና ከዚያ በላይ የተደረገ ውል ቢያንስ 30 ቀን። ስለዚህ የማስወጣት መብት አለዎት፣ መንገዱ ግን ይሄ ነው።

ከማስጠንቀቂያው በፊት ግን ያነጋግሩት። በሩን የሚዘጋው ንቆዎት አይመስለኝም፣ አፍሮ ነው። ሁለት ዓመት ሳይጠየቅ የከፈለ ሰው ዕዳ ሲገባ እንዲህ ነው የሚሆነው። «ኪራዬን» ብለው አይጀምሩ። «ፋብሪካው የሕመም ፈቃድ ሰጥቶሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁት።

ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ክፍያ። ያስሉት እስቲ። ኪራይ ባልከፈለባቸው ሦስት ወሮች የሁለት ወር ደመወዝ ያህል ይገባው ነበር። ወስዶ ለምግብና ለመኖሪያ ጨርሶት ከሆነ፣ ቢያንስ ያውቃሉ። የሐኪም ወረቀቱን ሳያስገባ ወይም ሳይከፈለው ቀርቶ ከሆነ ግን ገንዘቡ የሚጠየቅ ገንዘብ ነው። ወረቀቱን ይዞ የሚሄድለት የሥራ ባልደረባ ይኖረዋል፣ የሠራተኛ ማህበር ካለም ይግባበት። የብዙ ሰው ፈቃድ የሚበላሸው ታሞ ተኝቶ ማንም ሳያሳውቅለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ነው የሚያሳስበኝ። ከጥር ጀምሮ ፈቃዱ ያለ ደመወዝ ነው። ዝም ብላችሁ ከተጠባበቃችሁ ሦስቱ ወር ስድስት ይሆናል፣ ያኔ እሱም አይከፍለውም፣ እርስዎም አይችሉትም። ስለዚህ ሐኪሙን «መቼ ሥራ መግባት እችላለሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያድርጉ። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይበረታል፣ ሐኪም ሲፈቅድም ወደ ሥራ ይመለሳል። መልሱ «በቅርቡ» ከሆነ ይታገሡት። ያለፈውን 7,500 ብር ሥራ ከገባ በኋላ በየወሩ ከኪራዩ ጋር ትንሽ ትንሽ እንዲከፍል በወረቀት ይስማሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። ፈቃደኛ ከሆነና ሐኪሙም ከተስማማ ደባል ማስገባትም ይቻላል፣ የኪራዩ ግማሽ ወዲያው ይገኛል።

መልሱ «ገና ነው» ከሆነ ግን እቅጩን ይንገሩት። መንዝ ቤተሰብ ካለው እዚያ ሄዶ ማገገም ይችላል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥም። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፣ በዝውውር ወረቀት ለቤተሰቡ ቅርብ ወደሆነው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ወረቀቱን ሳይዝ እንዳይሄድ ብቻ። መድኃኒቱን መሃል ላይ ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒት ተላምዶ ሊመለስበት ይችላል። በዚህ መንገድ ቤቱን ቢያስረክብዎ «አባረሩት» ማንም አይልዎትም፣ እኔም አልልዎትም። ዕዳውን መተው አለመተው የእርስዎ ፈንታ ነው። እኔ ብሆን የአንዱን ወር እተውለት ነበር፣ ግን የልጅዎን ወጪ የማውቀው እኔ አይደለሁም።

ጎረቤት ተከራዮቹን በተመለከተ፣ ፍርሃታቸው መነሻ አለው፣ አሁን ላይ ግን ዘግይቷል። መድኃኒት የተላመደ ዓይነት ካልሆነ በቀር፣ በአግባቡ የሚታከም ሰው ሁለት ሳምንት ገደማ ካለፈው የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። እሱ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ነው የሚወስደው። በሽታው በትንፋሽ እንጂ በብርጭቆና በሳህን፣ በጋራ መጸዳጃ ቤት አይተላለፍም። የሚያሰጋው መድኃኒት ሳይጀምር ሲያስል የነበረበት ጊዜ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ደግሞ ብርዱን ፈርቶ መስኮት አይከፍትም፣ ለዚህ በሽታ የሚመቸውም የታፈነ ቤት ነው።

ስለዚህ እርስዎም ተከራዮቹም ልጁ መድኃኒት ወደሚወስድበት ጤና ተቋም ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ ከታማሚ ጋር አንድ ግቢ እንደምትኖሩ ንገሯቸው። ልጅዎም ለዕረፍት መጥታ ከነበረ ባለችበት ትመርመር።