መልስ፦ 40 ሰው ድምፅ ሰጥቶኝ ለምን ሳንቲም ብቻ?

ስህተት አይደለም። ስቲሚት (ጽሑፍና ፎቶ ለጥፈህ በሌሎች ድምፅ ገንዘብ የምታገኝበት ድረ ገጽ) ላይ የሚመዘነው የሰው ብዛት ሳይሆን ድምፅ ሰጪው የቆለፈው ስቲም ፓወር ነው፤ ይኸውም ስቲም ከተባለው የገጹ ዲጂታል ገንዘብ ቆልፎ ያስቀመጠው መጠን ነው። የጣና ፎቶህን የወደዱት 40 ሰዎች ብዙ ስላልቆለፉ ድምፃቸው ተደምሮም ሳንቲም ነው። «ዓሣ ነባሪ» የሚባለው ባለብዙ ስቲም አንዴ ድምፅ ሲሰጥ ሁሉንም ይበልጣል።

ፍትሐዊ ነው ወይ ላልከው፣ ለእኔ አይደለም። ፎቶው ሳይሆን የወደደው ሰው ኪስ ነው የሚታየው።

አንተም ድምፅህን አታባክን። አንድ ሙሉ ድምፅ ከድምፅ መስጫ አቅምህ ወደ 2 በመቶ ይወስዳል፤ በቀን የሚመለሰው 20 በመቶ ነው። ስለዚህ በቀን ከ10 ሙሉ ድምፅ በላይ አትስጥ።

ደግሞ ክፍያው የሚፈጸመው ከለጠፍክ በ7ኛው ቀን ስለሆነ፣ ያ ሳይሞላ ገንዘቡን እንደያዝከው አትቁጠር። እኔ ባሕር ዳር ዳርቻው ላይ የደንገል ታንኳ ሲታሰር አንስቼ ለጥፌ ነበር። ቁጥሩ ጥሩ ወጣ። በ6ኛው ቀን አንድ ባለብዙ ስቲም የተቃውሞ ድምፅ ሰጠበት፤ ዜሮ ገባ። ምክንያቱን ጠይቄው እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።