ሌሙር ፎቶ ለማንሳት በ10 ቀን፦ አምስት ቦታ ወይስ ሁለት ጫካ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ጉዞ ትዝ አለኝ። በጥቅምት ለ10 ቀን ማዳጋስካር ሄደሽ በአስጎብኚ እየተመራሽ ሌሙር (የደሴቲቱን ጦጣ መሰል እንስሳ) ፎቶ ልታነሺ ነው። ሁለት ፓኬጅ ቀርቦልሻል። አንዱ አምስት ቦታ ያዞራል፤ ሌላው አንዳሲቤና ራኖማፋና የሚባሉትን ሁለት ጫካዎች ብቻ ነው። ዋጋቸው ስለሚቀራረብ አምስቱ አያዋጣም ወይ ብለሻል። ሩቁን የሚያቀርብ ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ልከራይ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴ በሩጫ፣ አንዴ በእርጋታ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሁለቱን ጫካ ምረጪ። ምክንያቱ መንገዱ ነው። ማዳጋስካር ደሴት ስትባል ትንሽ ትመስላለች እንጂ በስፋት ፈረንሳይን ትበልጣለች። ከዋና ከተማው ከአንታናናሪቮ እስከ አንዳሲቤ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ደብረ ብርሃን ደርሶ ትንሽ አለፍ እንደማለት ነው። ግን መንገዱ ወደ ቶማሲና ወደብ የሚወስደው ዋናው መንገድ ስለሆነ በከባድ መኪና የተጨናነቀ ነው። አምስት ሰዓት ፈጅቶብናል። ራኖማፋና ደግሞ ከዋና ከተማው 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል፤ ሙሉ ቀን ይበላል። አምስት ቦታ በ10 ቀን ማለት ጠዋት ጠዋት፣ ብርሃኑ በሚያምርበት ሰዓት፣ መኪና ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጉዞዬ እንዲህ ነበር ያለቀው። በመስኮት ያየሁት ባህር ዛፍና በመንገድ ዳር የተደረደረ የከሰል ጆንያ ከሌሙሩ በላይ ነው የሚታወሰኝ። ከሰሉን ሳይ የአገሬን መንገድ አስታወሰኝ፤ ጫካው ለምን እንዳነሰም ያኔ ገባኝ።

ሌላው ጉዳይ የሰው ብዛት ነው። በዚያ ጉዞ 12 ሆነን ነው የሄድነው። የጫካው መንገድ ቀጭን ስለሆነ በሰልፍ ነው የሚኬደው። ከፊት ያሉት ሦስቱ ያነሳሉ፤ ከኋላ ያለው የሚያየው የሰው ሻንጣ ነው። በሁለተኛው ጉዞ አራት ነበርን። አንድ የአካባቢው አስጎብኚና አንድ ፈላጊ ነበሩን። በብሔራዊ ፓርኮቹ ውስጥ ያለ አካባቢው አስጎብኚ መግባት አይቻልም፤ እሱ የታወቀ ነው። ፈላጊው ግን ተጨማሪ ነው። ቀድሞ ጫካ ይገባል፣ የሌሙሩ ቤተሰብ የት እንዳደረ ያያል፣ ተመልሶ ይጠራሻል። ገንዘብ ካለሽ ለሌንሱ ሳይሆን ለእሱ ክፈይ። ከመክፈልሽ በፊት አዘጋጆቹን በግልጽ ጠይቂያቸው፦ ስንት ሰው ነን? ፈላጊ አለ ወይ? በስንት ሰዓት ነው ጫካ የምንገባው? መልሳቸው ከተድበሰበሰ እለፊያቸው።

ለምን መቆየት እንደሚጠቅም አንድ ጠዋት ልንገርሽ። አንዳሲቤ ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ሌሊት የዘነበው ውሃ ገና ከቅጠሉ ይንጠባጠባል። አስጎብኚያችን እጁን አንስቶ አስቆመን። ከዚያ ከራሳችን በላይ ኢንድሪ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነው ትልቁ ሌሙር፣ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ጎርነን ያለ ጩኸት ነው። ቀጥሎ ረዥም እንጉርጉሮ ይሆናል፣ ከላይ ወደ ታች እየወረደ። ከሸለቆው ማዶ ሌላ ቤተሰብ ተቀበለው። ድምፁ ሁለት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሰማል ይባላል፤ ከሥሩ ለቆመ ሰው ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። ሁላችንም ካሜራችንን ዝቅ አድርገን እስኪጨርሱ አዳመጥን።

ከጩኸቱ በኋላ ለመብላት ወደ ታች ወረዱ። እናቲቱ ከእኔ አምስት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀመጠች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። ቅርንጫፉን በረዣዥም ጥቁር ጣቶቿ ጎትታ ለጋውን ቅጠል በአፏ ቀነጠሰች። የልጁ ጆሮ ጫፍ ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ነበረች። ያቺን ፎቶ እስካሁን ግድግዳዬ ላይ ሰቅያታለሁ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ያው ቤተሰብ ከዛፉ ጫፍ አልወረደም ነበር። በሩጫው ጉዞ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን ሌላ ከተማ ነበርን። ደግሞ ኢንድሪ ሰው አስሮ ሲያኖረው አይኖርም፤ በመካነ እንስሳት ሊያላምዱት ሞክረው አልተሳካም። ማየት የሚቻለው እዚያው ጫካው ውስጥ ነው።

የአካባቢው ሰዎች ኢንድሪን ባባኮቶ ይሉታል። አስጎብኚያችን እንደነገረን፣ ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ የወጣን ልጅ ንቦች ነድፈውት ሲወድቅ ባባኮቶ ተቀብሎ አዳነው። ስለዚህ እሱን መግደል ፋዲ ነው፤ ነውርም ክልክልም የሆነ ነገር ማለት ነው። ፋዲ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አስጎብኚሽ ወደዚህ አትጠቁሚ፣ እዚህ አትቀመጪ ካለሽ እሺ በይው።

ወደ ሌንሱ ልምጣ። 600ውን አትከራዪ። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ብርሃኑ ትንሽ፣ ርቀቱም አጭር ነው። ከባድ ሌንስ ይዘሽ ቁልቁለት ስትወርጂ ክንድሽ ይዝላል። ከ100 እስከ 400 የሚደርስ ዙም ይበቃሻል። ከ70 እስከ 200 ያለው፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባው ባለ 2.8 ካለሽ ለጨለማው ጫካ እንዲያውም የተሻለ ነው። ጫካውን ከነእንስሳው የሚያሳይ አንድ ሰፊ ሌንስ ጨምሪ። ትራይፖድ ይቅርብሽ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ወይም 6400 ለማድረስ አትፍሪ፤ የሻከረ ፎቶ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል። ለዝላይ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አይዘግይ።

እኔን በጣም ያስቸገረኝ ሰማዩ ነው። ሌሙሩ ከላይ፣ ከጀርባው ነጭ ሰማይ። ካሜራው በሰማዩ ይታለልና እንስሳው ጥላ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚያገኘውን ብርሃን) አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ስቶፕ፣ ማለትም እርከን፣ ጨምሪ። በተቃራኒው ነጩ ፀጉር ጥቁር ቅጠል መሃል ሲገባ ቀንሺ። ዝላይ ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን አታሳድጂ። ሲፋካ የሚባሉት ዘላይ ሌሙሮች ብዙ ጊዜ በአንድ መንገድ ነው ተከታትለው የሚዘሉት። የፊተኛው የለቀቀው ግንድ ላይ ፎከስ አድርገሽ ጠብቂ፤ ተከታዩ እዚያው ይመጣል።

ይህን ሁሉ እዚያ ሄደሽ መማር የለብሽም። አዲስ አበባ ነኝ ስላልሽ ሁለት ቅዳሜ መናገሻ ሱባ ጫካ ሂጂና ጉሬዛ አንሺ። ሐዋሳ ከደረስሽ ደግሞ አሞራ ገደል ያሉት ሰው የለመዱ ናቸው። ጉሬዛ እንደ ኢንድሪ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ዛፍ ላይ ነው፣ ይዘላል። ጭላዳ ለዚህ ልምምድ አይሆንሽም፤ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሣር ስለሚነቅል በጣም ይቀላል።

ራኖማፋና ላይ አቀበቱ ይከብዳል፤ ጥሩ ጫማ አድርጊ። እዚያ የምትፈልጊው ወርቃማውን የቀርከሃ ሌሙር ነው። ሳይንስ ያወቀው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ፓርኩም በ1991 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው እሱን ተከትሎ ነው። የሚበላው የቀርከሃ ቡቃያ ሳያናይድ አለበት፤ ሰውን የሚገድል መርዝ ነው፣ እሱን ግን ምንም አይለውም። የእኛም የባሌ ጦጣ ቀርከሃ በሊታ ናት። አንድ ቀን ከተረፈሽ ከራኖማፋና ወደ ደቡብ ወርደሽ አምባላቫኦ አጠገብ ያለውን አንጃን እንዲጨምሩልሽ ጠይቂ። የሚያስተዳድሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ጭራው ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለው ሌሙር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኚዋለሽ። በጥቅምት ግልገሎቹ ገና እናታቸው ላይ ናቸው።

ሌሊት ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። የሌሊት ጉዞ የሚደረገው በመንገድ ዳር ወይም የአካባቢው ማኅበራት በሚጠብቁት ጫካ ነው፤ አንዳሲቤ ላይ ሚትሲንጆ የሚባለው ማኅበር አለ። አይጥ የምታህለዋን ሌሙር ዓይኗ በባትሪ ብርሃን ሲያበራ ታያታለሽ። ፍላሽ አታብሪባት። ዓይኗ ለጨለማ የተሠራ ነው። ደብዘዝ ያለ ባትሪ ከጎን ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ፎቶ አንስተሽ ተዪያት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። ትከሻሽ ላይ ሌሙር ወጥቶ ሙዝ የሚበላበት ቦታ ሊወስዱሽ ይችላሉ። እነዚያ ሰው ለምደው በምግብ የሚጠሩ እንጂ በዱር የሚኖሩ አይደሉም። ብትሄጂ እንኳ ፎቶውን የዱር ብለሽ አትለጥፊ። ጫካ ውስጥም ሙዝ የሚያወጣ ወይም ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ ሰው ካየሽ ተናገሪ። በእኛ ጉዞ አንድ ሰው ቅርንጫፍ ሲነቀንቅ የሌሙሩ ቤተሰብ ሸሽቶ ያ ጠዋት በሙሉ ባዶ ሆኖብናል።

ቀሪው ቀላል ነው። ከዚህ ስለምትነሺ የቢጫ ወባ ካርድሽን ያዢ፤ ይጠይቁሻል። ስለ ወባ መድኃኒት ሐኪም አማክሪ። ጥሬ ገንዘብ በአሪያሪ (በአገሩ ገንዘብ) ዘርዝረሽ ወደ ጫካው ሂጂ፤ ጫካው ዙሪያ በካርድ መክፈል አትጠብቂ። ሱሪሽን ካልሲ ውስጥ ክተቺ፣ እርጥብ ጫካ ስለሆነ አልቅት አለ። ለካሜራሽ የዝናብ ሽፋን የግድ ነው። እኔ አንድ ትርፍ አለኝ፤ ቀኑን ስትቆርጪ ጻፊልኝና አውስሻለሁ።