የእንግሊዝኛው «ፋይን» ደህና ማለትም ቅጣት ማለትም የሆነው እንዴት ነው?

ሰላም እህቴ። ልጅሽ «ደህና ነኝ ስንል የምንለው ፋይንና ቅጣት የሚባለው ፋይን አንድ ናቸው ወይ?» ብላ እንደጠየቀችሽ አነበብኩ። አዎ፣ ምንጫቸው አንድ ነው።

እኔም አሜሪካ የገባሁ ሰሞን ግራ ገብቶኝ ነበር። ቃሉን የማውቀው ክፍል ውስጥ በኅብረት ከምንለው «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ» ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ የመኪናዬ ዝናብ መጥረጊያ ሥር ወረቀት ተሰክቷል። «ፋይን» ይላል፤ ከጎኑ 50 ዶላር። ከፈልኩና የቃሉን ታሪክ መፈለግ ጀመርኩ።

ሥሩ የላቲኑ «ፊኒስ» ነው፤ መጨረሻ፣ ዳርቻ ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ጫፍ የደረሰ፣ ምንም የማይጨመርበት ነገር ምርጥ ይባላል፤ «ደህና» የሚለው ፋይንም የመጣው ከዚሁ ነው። ትርጉሙ ከምርጥ ወደ የጠራ፣ ከዚያም ወደ ቀጭንና ደቃቅም ዞረ። ደቃቅ አሸዋም ፋይን የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅጣቱ የመጣው ከፍርድ ቤት በኩል ነው። እኔ በጣም የምወደውም ይሄን ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ «ፋይን» ማለት ክርክር የሚቋጭበት ስምምነት ነበር። የመሬት ጉዳይ ከሆነ ውሉ አንድ ብራና ላይ 3 ጊዜ ይጻፋል። ብራናው ይቆረጥና ሁለቱ ወገኖች አንዳንድ ቅጂ ይወስዳሉ። የግርጌው ቅጂ ከ1195 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት ዘንድ ይቀመጥ ነበር። የሚቆረጠው ቀጥ ተደርጎ ሳይሆን በጠመዝማዛ መስመር ነው። አስመስሎ የሠራ ሰው ቢመጣ ጫፍና ጫፉ አይገጥምለትም። ነገሩን ለመዝጋት የሚከፈለው ገንዘብም ፋይን ተባለ፤ ውሎ አድሮ ቅጣት ሆነ። «ፋይናንስ»ም ዕዳን ከመጨረስ የመጣ ቃል ነው።

ለልጅሽ ግን በአማርኛ ብትጀምሪላት ይሻላል። መጨረሻውን «ፍጻሜ» እንላለን። እንከን የሌለውን «ፍጹም» እንላለን። ገንዘብ ስንሰጥም «ክፍያ ፈጸምኩ» እንላለን። ሦስቱም የ«ፈጸመ» ልጆች ናቸው። አማርኛና ላቲን ዝምድና የላቸውም፤ ግን ሁለቱም ከመጨረሻ ተነስተው ምርጡም ጋ፣ ክፍያውም ጋ ደርሰዋል። የእኔ ልጅ ፊኒስ ብዬ ሳስረዳው ዝም ብሎ ነው ያየኝ። «ፍጹም» ስለው ነው «አሃ!» ያለው።