የእናቴ የምግብ ወረቀት ላይ እንጀራ የለም

ጥያቄ፦ እናቴ ስድሳን አልፋለች። ስኳር አለብሽ ከተባለች ገና ጥቂት ወሯ ነው። የምትታከምበት ቦታ ምን መብላት እንዳለባት የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ሰጧት። አጃ፣ ብሮኮሊ፣ ሳልመን ዓሣ ይላል። እንጀራ የለ፣ ሽሮ የለ። አሁን አንድ ቀን ምንም ሳትቀምስ ትውላለች፣ በማግስቱ ደግሞ «የመጣው ይምጣ» ብላ ያገኘችውን ትበላለች። ካሊፎርኒያ ያለችው አክስቴም ስኳር አለባት። የምታያት የሥነ ምግብ ባለሙያ ግን የሜክሲኮ ተወላጅ ናት፣ መጀመሪያ የጠየቀቻት «ቤትሽ ምን ትበያለሽ?» ብላ ነው፤ እንጀራም አልከለከለቻትም። እኛስ ምን እናድርግ?
የእናቷ ልጅ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ኧረ አቦ፣ ሳልመን በገንደ ቆሬ! በመጀመሪያ ግን እህቴ፣ እናትሽ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጾማቸውን መዋል የለባቸውም። ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሊያልባቸው፣ ሊያንቀጠቅጣቸው፣ ሊጥላቸውም ይችላል። ጾም መዋሉ ዛሬውኑ ይቁም።

የአክስትሽ ባለሙያ እንዲያ የጠየቀችው ለጨዋታ አይደለም፣ ሥራዋ ከዚያ ነው የሚጀምረው። በአሜሪካ የሥነ ምግብና አመጋገብ አካዳሚ ውስጥ የላቲኖና ሂስፓኒክ፣ ማለትም ዘራቸው ከሜክሲኮና ከመሰሎቿ ስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዝ ባለሙያዎች የራሳቸው ቡድን አላቸው። ቢኖራቸውም አይገርምም። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንዳለው አንድ አሜሪካዊ በዕድሜ ዘመኑ ዓይነት 2 ስኳር የሚይዘው ዕድል 40 በመቶ ሲሆን ሂስፓኒክ ከሆነ ከ50 በመቶ ይበልጣል። እንዲህ የተጨነቀን ሰው እናቱ ያሳደገችበትን ምግብ ሁሉ ጣል ካልሽው ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አታገኚውም።

ደግሞ ምግቡ የሚጣል አይደለም። የሜክሲኮዎቹን የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያን እዪው። ሜክሲኮዎች ከጥንት ጀምሮ በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው ያሳድሩትና ነው የሚፈጩት። ኖራው ኒያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ከእህሉ ያላቅቀዋል፣ ካልሲየምም ይጨምርበታል። አውሮፓውያን በቆሎውን ወስደው ዘዴውን እዚያው ትተውት ሄዱ፣ ከበቆሎ ሌላ እምብዛም የማይቀምሰው ድሃ ገበሬም ከኒያሲን እጥረት የሚመጣው ፔላግራ የሚባል በሽታ ያዘው፤ ስፔን ውስጥ አንድ ሐኪም ገና በ1735 እ.ኤ.አ. የቆዳውን ቁስል ጽፎታል። በቆሎው ላይ ቦሎቄ ሲጨመር ደግሞ የጎደለው ፕሮቲን ይሟላል። የእኛስ? ሊጡ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረትና ዚንክ ለሰውነት ይቀላል፣ ሽሮው ደግሞ የቦሎቄውን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ቶርቲያውን ከማንሳቱ በፊት ስንት እንደሚበላና ከምን ጋር እንደሚበላ ይጠይቃል።

የየትኛው አገር ሰው እንደሆነም ይጠይቃል። ስፓኒሽ ስለተናገሩ ብቻ ሁሉም በቆሎ በል አይደሉም፤ ፖርቶ ሪኮው ሩዙን ይላል፣ ፔሩው ድንቹን። ድሬም እኮ እንዲሁ ናት። አንዱ ቤት የማሽላ እንጀራ፣ ጎረቤቱ ጋ ሩዝና ፓስታ፣ ሐረር ከወጣሽ ደግሞ ሁልበት መረቅ።

አሁን ወደ እናትሽ። ብዙ የስኳር ባለሙያዎች «ግማሽ ሳህን አትክልት፣ ሩብ ፕሮቲን፣ ሩብ እህል» ይላሉ። እኛ ጋ ሳህን የት አለ? አንድ ትሪ ከበን ነው የምንበላው፣ ማን ስንት እንደበላ አላህ ይወቀው። ስለዚህ የእናትሽን እንጀራ ቀድመሽ ቆርጠሽ በፊታቸው አስቀምጪ፣ ከትሪው እንጀራ አይጨመርም። ጎመኑን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ ሰላጣውን ግን እስኪጠግቡ። ሽሮና ምስር ፕሮቲን ቢኖራቸውም ሆድ ገብቶ ስኳር የሚሆን ስታርችም አላቸው፣ በመጠኑ ይሁን። ጉርሻም ይቆጠራል! «የማሽላ ነው፣ ስኳር አይጨምርም» የሚልሽን አትስሚ፤ የማሽላም የጤፍም እንጀራ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ወሳኙ መጠኑ ነው።

ከእንጀራው በፊት ግን ሻዩን እዪ። ድሬ ውስጥ ሻይ ሲቀዳ ስኳሩ እንዴት እንደሚገባ ታውቂዋለሽ፣ ሙሸበክና ሐለዋውን ሳንቆጥር። ሜክሲኮዎች ከርከዴ በብርዱ ይጠጣሉ፣ ስኳሩ ግን አይጣል ነው፤ እዚያም ምክሩ ከርከዴው ይቅር ሳይሆን ስኳሩ ይቀነስ ነው። በሳምንት ትንሽ ትንሽ እየቀነስሽ ሂጂ፣ ምላስ ይለምዳል። በነገራችን ላይ እኛ ፍሬውን ብቻ በልተን የምንተወውን የበለስ ቅጠል እነሱ እሾሁን አንስተው ከእንቁላል ጋር ይጠብሱታል። ድፍረቱ ካለሽ ሞክሪ።

ለቀጣዩ ቀጠሮ የሦስት ቀን ምግባቸውን ጽፈሽ ያዢ፣ ሻዩንም ጨምረሽ፣ የሚያክሟቸውን ሰዎች «ከዚህ ውስጥ ምኑን እንቀንስ?» በያቸው። ለስኳር ይበጃል ተብሎ አብሽ በብዛት የሚጠጡ ከሆነም ለሐኪሙ ይነገረው፤ ስኳር ስለሚቀንስ ከመድኃኒቱ ጋር ተደርቦ ከልክ በታች ሊያወርድባቸው ይችላል።