ጉልበቱን ለባለቤቱ ተዉለት፦ ለወጣት የቅርጫት ኳስ አፍቃሪዎች

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በፊዚዮቴራፒ ሙያ የተጎዱ ስፖርተኞችን ወደ ሜዳ በመመለስ ነው፤ ከመገጣጠሚያ ሁሉ ይልቅ በእጄ አብዝቼ የዳሰስኩትም ጉልበትን ነው። ቅርጫት ኳስን እንደ እናንተ እወዳለሁ፤ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረገው የዋንጫ ፍልሚያ) ሲደርስ ሌላ ጉዳዬን አሳጥሬ ከሚመለከቱት ወገን ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ኮከብ ተጫዋች በወደቀ ቁጥር በማኅበራዊ ሚዲያ የሚባለውን ሳነብ ስለማዝን ነው። የምላችሁ ነገር አንድ ነው፤ የተጎዳ ሰው መቼ ወደ ሜዳ ይመለስ የሚለው ጥያቄ የተመልካች ጥያቄ አይደለም። ደጋፊ ስትሆኑ ይህን ውሳኔ ለተጫዋቹና ለሐኪሞቹ ተዉላቸው፤ እናንተው ተጫዋች ሆናችሁ ስትጎዱ ደግሞ ውሳኔውን ለማንም ተከታይ አሳልፋችሁ አትስጡ።

ዴሪክ ሮዝን አብዛኞቻችሁ በስሙ እንጂ በጨዋታው አታውቁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው ታላቅ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ሲመረጥ ገና 22 ዓመቱ ነበር፤ ከእርሱ በፊት በዚያ ዕድሜ ክብሩን ያገኘ አልነበረም። ተወልዶ ያደገው በቺካጎ፣ የሚጫወተውም ለቺካጎ ቡልስ ስለነበረ ደጋፊው ከልጁ ለይቶ አያየውም ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2012፣ በፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ቡልስ ፊላደልፊያን በ12 ነጥብ እየመራና ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቀርቶት ሳለ፣ ሮዝ ወደ ቅርጫቱ ዘልቆ ሲገባ የግራ ጉልበቱ ከዳው። ኤሲኤል የምንለው፣ በጉልበት ውስጥ ከፊት ያለው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ነበር።

ተከታዩን የውድድር ዘመን በሙሉ ሮዝ አልተጫወተም። በ2013 የመጀመሪያዎቹ ወራት ሐኪሞች እንደፈቀዱለትና ከቡድኑ ጋር ልምምድ እንደሚሠራ ሲዘገብ፣ የቀደመው ፍቅር ወደ ክስ ተለወጠ። ልምምድ ከሠራ ለምን አይጫወትም? ጓደኞቹ ታመውም ተጎድተውም እየተጫወቱ እርሱ ለምን ሱፍ ለብሶ ይቀመጣል? እርሱ ግን በእግሩ ላይ እምነት እስኪያድርበት ድረስ እንደማይገባ ተናግሮ በአቋሙ ጸና። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ተመልሶ ጥቂት ሳምንታት እንደተጫወተ፣ በኖቬምበር 2013፣ የቀኝ ጉልበቱ ሜኒስከስ፣ በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልምጭ፣ ተቀደደ፤ ያ የውድድር ዘመንም ለእርሱ በዚያው አበቃ።

በዚያ ወቅት የተጻፈውን ሁሉ ባነበብኩ ጊዜ ያስጨነቀኝ፣ ከጻፉት ሰዎች ብዙዎቹ የተተካ ጅማት ውስጥ ምን እንደሚከናወን አለማወቃቸው ነበር። እስቲ ልንገራችሁ። ቀዶ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ የተበጠሰውን ጅማት አይሰፋውም፤ ከታካሚው ከራሱ፣ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ካለው ጅማት ወይም ከቋንጃው፣ ቁራጭ ወስዶ በአጥንቶቹ ውስጥ በሰረሰረው ቀዳዳ አሳልፎ በቦታው ይተክለዋል። የተተከለው ጅማት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ እየጠነከረ የሚሄድ ይመስላችኋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሰውነት የቀድሞ ሕዋሳቱን አፍርሶ፣ አዲስ የደም ሥር አብቅሎለት፣ እንደገና ስለሚሠራው ጅማቱ ለወራት ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የሚበረታው። ጅማቱ በሚደክምበት በዚያው ወቅት ታካሚው እብጠቱ ጠፍቶለታል፣ ሕመሙም ለቆታል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ቀጥ ባለ መስመርም ይሮጣል። ዳንኩ ብሎ የሚያምንበት ጊዜና ጅማቱ ለአደጋ የሚጋለጥበት ጊዜ አንድ ላይ ይመጣሉ። ከ9 ወር በፊት ወደ ውድድር የተመለሰ ሰው ዳግም የመጎዳት ዕድሉ በግልጽ እንደሚጨምር ጥናቶች ያሳዩትም ለዚህ ነው።

አንድ ወጣት ተጫዋች ከቀዶ ሕክምናው በአምስተኛው ወር ወደ እኔ መጥቶ፣ ገና ከመቀመጡ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበት አንድ ዝነኛ ተጫዋች በሙዚቃ ታጅቦ ሲዘልና ኳስ ወደ ቅርጫቱ ሲከት ይታያል። «እኔስ መቼ ነው?» አለኝ። መልሱን በቃል ከምነግረው ብዬ በአንድ እግሩ ወደ ፊት እንዲዘልና በዚያው እግር እንዲያርፍ ጠየቅኩት፤ መጀመሪያ በጤናማው፣ ቀጥሎ በታከመው። በመጀመሪያዎቹ ዝላዮች ልዩነቱ አይታወቅም ነበር። እየደጋገመ ጭኑ ሲደክም ግን የታከመው ጉልበት ባረፈ ቁጥር ወደ ውስጥ ይታጠፍ ጀመር፤ ኤሲኤል የሚበጠሰውም አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት እንዲህ ሲታጠፍ ነው። የሁለቱን ጭኖቹን ጥንካሬ በመሣሪያ ስለካ የታከመው ከጤናማው በብዙ አንሶ ተገኘ፤ እኛ ቢያንስ 90 በመቶ እንዲደርስ እንጠብቃለን። ልጁ ቁጥሩን አይቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቪዲዮ የሚያሳያችሁ ተመርጠው የወጡ ጥቂት ሰከንዶችን ነው፤ በሃያኛው ዝላይ ላይ፣ ጡንቻ ሲዝል፣ ጉልበቱ ምን እንደሚሆን አያሳያችሁም።

ሮዝን «ለምን አትጫወትም» ብሎ የከሰሰው አፍ፣ የሚጫወተውንም «ለምን ተጫወትክ» ብሎ ይከስሳል። ኬቨን ዱራንት በሜይ 2019 ባቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ከአንድ ወር በላይ ከሜዳ ራቀ። ቡድኑ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ በፍጻሜው በቶሮንቶ ራፕተርስ 3 ለ 1 እየተመራ ሳለ ስለ ዱራንት ጥንካሬ የሚጠራጠሩ ድምፆች በረከቱ። ጁን 10 ቀን በአምስተኛው ጨዋታ ገባ፤ በ12 ደቂቃ ውስጥ 11 ነጥብ አስቆጠረ፤ በሁለተኛው ሩብ ሰርጅ ኢባካን ለማለፍ ሲሞክር የቀኝ እግሩ የአኪለስ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጅማት ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት ነው፤ ሲበጠስ ብዙዎች ከኋላ የረገጣቸው ሰው ያለ ይመስላቸውና ዞረው ያያሉ። ዱራንት ወለሉ ላይ ተቀምጦ የባቱን ታች ሲዳስስ ከተመልካቹ መካከል ያጨበጨቡና እጃቸውን እያወዛወዙ የተሰናበቱት ነበሩ። ጭብጨባውን ያስቆሙት የቶሮንቶ ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸው፤ ካይል ላውሪና ጓደኞቹ ወደ ሕዝቡ ዞረው እንዲተዉ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ድሉ ከማንም በላይ የሚጠቅማቸው እነርሱ ሆነው ሳለ እንዲያ ማድረጋቸውን አልረሳውም። ከጨዋታው በኋላ የዋሪየርስ ሥራ አስኪያጅ ቦብ ማየርስ እያለቀሰ፣ የምትወቅሱት ሰው ካስፈለገ እኔን ውቀሱ ሲል፣ ወቀሳው እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ መጣም።

በ2025 በአንድ ፕሌይኦፍ ሦስት ታላላቅ ተጫዋቾች፣ ዳሚያን ሊላርድ፣ ጄሰን ቴተምና ታይሪስ ሃሊበርተን፣ የአኪለስ ጅማታቸው ተበጠሰ። በሰዓታት ውስጥ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው በዛ፤ አንዱ ጫማውን፣ ሌላው አሠልጣኙን፣ ሌላው የጨዋታውን ብዛት ወቀሰ፤ ሦስቱም 0 ቁጥር መልበሳቸውን አይቶ የቁጥሩ እርግማን ነው ያለም ነበር። የጨዋታው ብዛት ጉዳይ በቁም ነገር ሊነገር ይገባዋል፤ ፕሌይኦፉ ሳይቆጠር 82 ጨዋታ አለ፤ ከ2023–24 ጀምሮ ደግሞ ለዋና ዋና የግል ሽልማቶች ለመታጨት ቢያንስ በ65 ጨዋታዎች መሳተፍ ግድ ነው። ይህ ግን የአንድን ሰው የአንድን ቀን ጉዳት አያስረዳም። ሃሊበርተን ባቱ ተጎድቶ ሳለ በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ መግባቱን ሲያስረዳ ደግሜም አደርገው ነበር ብሎ ጽፏል። በሙያዬ ቢጠይቀኝ ኖሮ ስጋቴን በግልጽ እነግረው ነበር፤ ውሳኔው የራሱ በመሆኑ ግን አከብረዋለሁ። ሮዝ አልገባም ማለቱና ሃሊበርተን እገባለሁ ማለቱ በእኔ ዘንድ እኩል ክብር አላቸው፤ ሁለቱም የወሰኑት በገዛ አካላቸው ላይ ነውና።

የምትጽፉትን ተጫዋቾቹ አያነቡትም ብላችሁ አታስቡ። ዱራንት በ2017 በትዊተር ለተቺዎቹ እየመለሰ መገኘቱን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚያደንቀው ተጫዋች የማያውቀው ሰው የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነስቶታል ማለት ነው። ዴማር ዴሮዛን በፌብሩዋሪ 2018 ስለ ድብርቱ በዚያው በትዊተር ጻፈ፤ ኬቨን ላቭ በቀጣዩ ወር፣ በጨዋታ መካከል የድንጋጤ ሕመም ይዞት ሜዳውን ጥሎ እንደወጣ በግልጽ ተናገረ። ይህ የደረሰባቸው እየተጫወቱ ሳለ ነው። ለወራት ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ በየቀኑ አንድ ጉልበት ለማጠፍና ለመዘርጋት የሚታገል ሰው ስልኩን ሲከፍት ምን እንደሚጠብቀው ገምቱ። ታካሚዎቼ ከቀዶ ሕክምናው ሕመም ይልቅ ብቸኝነቱ እንደከበዳቸው ደጋግመው ነግረውኛል።

ስለ ውርርድ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2018 ለክልሎች በሩን ከከፈተ ወዲህ የስፖርት ውርርድ በዚያ አገር ተስፋፍቷል፤ አሁን በአንድ ተጫዋች ነጥብና ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰን ኳስ መያዝ) ላይ ሳይቀር ገንዘብ ይያዛል። ጆንቴይ ፖርተር የተባለ የቶሮንቶ ተጫዋች ስለ ራሱ ጤንነት ለተወራራጅ መረጃ እንደሰጠና አመመኝ ብሎ ከጨዋታ እንደወጣ ኤንቢኤ አረጋግጦ በኤፕሪል 2024 ለዕድሜ ልክ አግዶታል። በሌላው ሰው ባት ላይ ገንዘብ የያዘ ተመልካች ያ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚታየው የጠፋው ገንዘብ ነው፤ ለወደቁ ተጫዋቾች ከሚላኩት የከፉ ስድቦች አንዳንዶቹም ከዚህ ወገን ይመጣሉ። ጨዋታውን የምትወዱት ከሆነ አትወራረዱበት።

ለምትጫወቱትም፣ በተለይም ለሴቶች ልጆች፣ የምለው አለኝ። ተመሳሳይ ስፖርት ከሚጫወቱ ወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ የኤሲኤል ጉዳት በእጅጉ ይበዛል። ፔጅ ቡከርስ በኦገስት 2022 ጅማቷ ሲበጠስ ከአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ትልልቅ ኮከቦች አንዷ ነበረች፤ አንድ ሙሉ ዘመን ተቀመጠች፣ ተመለሰች፣ በኤፕሪል 2025 ከዩኮን (ከኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ቡድን) ጋር ዋንጫ አነሣች፣ በዚያው ወርም ደብሊውኤንቢኤ፣ የሴቶቹ ሊግ፣ አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጥ ቀዳሚዋ ተመራጭ ሆነች። ከጉዳት በኋላ ባለሙያችሁን «ስንት ወር ቀረኝ» ከማለት ይልቅ «ጭኔ ስንት በመቶ ደረሰ፣ ስደክም እንዴት ነው የማርፈው» ብላችሁ ጠይቁ። የማገገሚያ ቪዲዮ ማጋራት ከፈለጋችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ አጋሩት፤ ቀድማችሁ ካጋራችሁት «ይኸው ድኗል» የሚለው ድምፅ ከውስጥም ከውጭም ይገፋችኋል።

ያልተጎዳችሁም ብትሆኑ ከልምምድ በፊት ሩብ ሰዓት ለዝላይና ለአስተራረፍ፣ ለሚዛንና ለቋንጃ ጥንካሬ ስጡ፤ እንዲህ ያለ ማሟሟቂያ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሳይቋረጥ ሲሠራ የጉልበት ጉዳትን እንደሚቀንስ በሚገባ ተረጋግጧል። ስልካችሁን ከፊት ለፊታችሁ አቁሙና ከዝቅተኛ ሣጥን ላይ ወርዳችሁ ስታርፉ ራሳችሁን ቅረጹ። ምስሉን አዘግይታችሁ ተመልከቱት፤ ጉልበታችሁ ከእግራችሁ ጣቶች አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ፣ የዝላዩን ቁመት ከመጨመራችሁ በፊት እርሱን አስተካክሉ፤ ከልምምድ በኋላም፣ ደክማችሁ ሳለ፣ ደግማችሁ ቅረጹት።